«አስር አውሬ ካላሳየኸኝ ነቀምቴ አልኖርም!»

እህቶቼም ወንድሞቼም፣ የትዳር ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ይወድሻል ወይ?» የሚለው ነው። ቀጥሎ «ሥራው ምንድነው?» ይመጣል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ አዳራሽ ተይዞ እንኳ «ለመሆኑ የት ልትኖሩ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አዲስ አበባ ነዋ! ሌላ የት ሊኮን! የእኔን ትዳር ግን ገና ሳይጀመር ሊያፈርሰው የደረሰው ይኸው ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ነበር። ያዳነን ደግሞ ሽማግሌም የነፍስ አባትም አይደለም፤ አንድ አሮጌ ዲኤክስ መኪና፣ የአራት ቀን መንገድና የወለጋ አውሬ ነው። ሳቃችሁ አይደል? ስሙኝማ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ ነው። እሱ (ስሙ ይቆየንና «እጮኛዬ» እያልኩ ልቀጥል) የወለጋ ልጅ ነው። ስድስት ኪሎ ተገናኝተን አራት ዓመት አብረን ከቆየን በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ሊያስተምር ተቀጠረ። ዩኒቨርሲቲው ነቀምቴ ላይ ከተከፈተ ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ጓደኞቼ «ፋራ ልትሆኚ ነው በቃ!» ብለው ሳቁብኝ። እናቴ «ሰው እንዴት ሀገሩን ጥሎ ጅብ ከሚጮህበት ይሄዳል?» አለች። (ጉለሌ ጅብ የማይጮህ ይመስል! እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ነው እንግዲህ ይህን የሚለው።)

ሦስት ወር በስልክ ተጨቃጨቅን። እሱ «ነይ»፣ እኔ «አንተ ተመለስ»። ካርዱ ያልቃል፣ እንኮራረፋለን፣ በሳምንቱ እንደገና። በመጨረሻ አንድ ማታ እንዲህ አለኝ፦ «እንግዲያው አትከራከሪኝ፣ መጥተሽ እዪ። በአውቶቡስ ግን አይደለም። በአውቶቡስ ከመጣሽ የምታዪው ፊትሽ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት ነው። እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ቀስ ብለን፣ እየቆምን።»

«ቆመን ምን ልናይ?» አልኩት።

«አውሬ።»

ከዚያ ነው ውርርዱ የመጣው። በአራት ቀን ውስጥ አስር ዓይነት የዱር እንስሳ ካሳየኝ ነቀምቴ ስለመኖር በቁም ነገር ላስብበት፤ ካላሳየኝ እሱ ሥራውን ለቆ አዲስ አበባ ሊመለስ። ወፍ አይቆጠርም፤ ወፍማ ጉለሌም ሞልቷል። ድምፅ አይቆጠርም። በዓይን መታየት አለበት። ቆጣሪዋና ዳኛዋ እኔ። እንግዲህ ፍርደ ገምድል ብትሉኝ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ አርብ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጓደኛው ያዋሰውን ዲኤክስ ይዘን ወጣን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ሀገሩ ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውቶቡሱ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኛ ለሁለት ቀን አሰብነው።

ከከተማ እንደወጣን ገፈርሳ ግድብ ጋ ቆመ። «ገፈርሳ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እኔ የማውቀው የቧንቧ ውሃችን ከዚያ እንደሚመጣ ነው። «በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው» አለኝ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ... ጎሽ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ውሃው ዳር ግን ግራጫ ዝይዎች ሣር ይነጫሉ። አንዱ ክንፉን ሲዘረጋ ከውስጥ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ብልጭ አለ። ይህ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም እንደማይገኝ ነገረኝ። «ይቆጠርልኝ» ብሎ ለመነኝ። ሕግ ሕግ ነው፤ ወፍ አይቆጠርም!

ከሆለታ እስከ ጊንጪ መንገዱ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛፍ አንድ ነገር ጣል ላድርግማ። ሜልቦርን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ፎቶ ላከችልኝ፤ በአውስትራሊያ ደቡብ ዳርቻ ውቅያኖሱን ተከትሎ የሚሄድ፣ «ግሬት ኦሽን ሮድ» የሚባል 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ አለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በዶማና በአካፋ የሠሩት ነው። እዚያ ሰው መኪናውን አቁሞ ዛፍ ላይ አንጋጦ ኮአላ የሚባለውን እንስሳ ሲፈልግ ይውላል። ኮአላው የሚበላው ደግሞ ምን መሰላችሁ? የባሕር ዛፍ ቅጠል! በአፄ ምኒልክ ዘመን ምግቡን አምጥተን እንስሳውን እዚያው ትተነው ቀርተናል ማለት ነው። የእኛ ሀገር አውሬ ባሕር ዛፍን እምብዛም አይወደውም። እጮኛዬም በዚያ አርብ «እዚህ አንገትሽን አታጣሚ፣ የሀገር ዛፍ እስክናገኝ ጠብቂ» ያለኝ ለዚህ ነው።

የሀገር ዛፍ ያገኘነው ጊንጪ ስንደርስ ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ጭሊሞ የሚባል የጥድና የዝግባ ደን አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጫፉ ላይ ቆመን ሞተሩን አጠፋ። አስር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ... እኔ እግሬ ደነዘዘ። በድንገት ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ጠቆር ያለ፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ነገር ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ሾለከ። የምኒልክ ድኩላ! ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም። «ይህ ታየ ይባላል?» ብዬ ተከራከርኩ። ግን አይቻለሁ፤ አንድ።

የዚያን ማታ አምቦ አደርን። ሁለት ክፍል ነው የያዝነው! ማመን የሚከብዳችሁ ትኖራላችሁ፤ አትመኑ። ፍል ውሃው ዋና ገንዳ ገብተን፣ የአምቦን ውሃ እዚያው አምቦ ላይ ጠጥተን ተኛን።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጉደር ነበርን። ለአብዛኞቻችን ጉደር የወይን ጠጅ ስም ነው። ወንዝ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። ገደሉ ላይ ካሉት ቋጥኞች አንዱ ላይ ድመት የምታህል፣ ጭራ የሌላት ቡናማ ነገር ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሽኮኮ። «የዝሆን የቅርብ ዘመድ ናት» አለኝ። ይቀልዳል ብዬ ሳቅሁ፤ እውነት ነው ለካ፣ የእንስሳት አጥኚዎች ይህንኑ ነው የሚሉት። «እና አውሬ ናት?» ብለው «ዝሆን አውሬ ከሆነ ዘመዱም አውሬ ነው» አለኝ። ሁለት። ወንዙ ዳር ዛፎች ላይ ደግሞ ፊታቸው ጥቁር የሆነ ጦጣዎች ልጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ አንጠልጥለው ይዘላሉ። ሦስት።

ወንዙን እያየን ያለኝ ነገር ከእንስሳቱ ሁሉ ይበልጥ አስገርሞኛል። ባሕር የለንም እያልን እናዝናለን አይደል? ይኼ አንድ መንገድ ግን ሦስት ቦታ የሚሄዱ ውሃዎችን ያቋርጣል። ጊንጪ አካባቢ የሚነሳው አዋሽ አፋር በረሃ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ጉደር ወደ ዓባይ ገብቶ ሜዲትራንያን ይደርሳል። ባኮ አጠገብ የምናገኘው ግቤ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ጊንጪና ባኮ መካከል ያለውን መንገድ በጥቂት ሰዓት ስታልፉት ውሃው የሚሄድበት ሀገር ሁለት ጊዜ ይለወጣል። አራት ዓመት ሲያጠና አይቼዋለሁ፣ ሲያስተምር ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ ይላል ሲያስተምር።

ጌዶ ላይ ጭጋግ ውስጥ ጎማ ፈነዳ። እህቶቼ፣ ወንድ ልጅን ለማወቅ ከፈለጋችሁ እራት ቤት አትውሰዱት፤ ጎማ ሲፈነዳበት እዩት። ትርፍ ጎማውም አየር አልነበረውም! መኪናውን ያዋሰውን ጓደኛውን ይረግማል ብዬ ስጠብቅ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝና ጎማውን እያንከባለለ ወደ ጎሚስታ ሄደ። እኔ የተቀቀለ ድንች ከምትሸጥ ሴትዮ ጋር እሳት እየሞቅሁ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅሁት። እጁ ጠቁሮ፣ እየሳቀ ተመለሰ። ይህን በአእምሮዬ መዝግቤ ያዝኩት፤ ከአውሬዎቹ ቁጥር ጋር ሳይሆን ለብቻው።

ከጌዶ ቁልቁል ስትወርዱ ብርዱ ይቀርና ባኮ ላይ ሙቀት ይቀበላችኋል። ባኮ የበቆሎ ሀገር ነው። ብዙ ገበሬ ይዘራው የነበረው ቢኤች 660 የተባለው ምርጥ ዘር በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ከዚህ የምርምር ማዕከል ነው። በቆሎው ደርሶ ከመኪናው ቁመት በላይ ቆሟል። ከባኮ አለፍ እንዳልን ወደ ሃያ የሚሆኑ ዝንጀሮዎች መንገዱን እያቋረጡ አገኘን። ትልቁ ወንድ አስፋልቱ መሐል ቁጭ ብሎ በንቀት አየን። እኔ በደስታ ጮህኩ። አራት! ካሜራዬን ይዤ ከመኪና ወረድኩ።

በዚያው ቅጽበት ከማሳው ውስጥ ጩኸት፣ ቀጥሎም የወንጭፍ ጅራፍ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። በአራት እንጨት ላይ በቆመ ማማ ላይ አስር ዓመት የሚሆነው ልጅ ቆሟል። ዝንጀሮዎቹ ተበተኑ። ልጁ ካሜራዬን አየና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። እጮኛዬ ከት ብሎ ሳቀና ተረጎመልኝ፦ «ከወደደቻቸው ይዛቸው ትሂድ ይላል።»

ማማው ሥር ተቀምጠን አወራነው። በቆሎ እሸት ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ እሱና ወንድሙ ይፈራረቃሉ። አንዱ ትምህርት ቤት ሲሄድ አንዱ ማማ ላይ ይውላል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ደግሞ ዐሳማና ጃርት ይመጣሉ፤ ሌሊቱን የሚጠብቀው አባታቸው ነው። ዝንጀሮ ብልጥ ነው አለን። አንዱን ወደ ላይኛው ጫፍ ይልክና ጠባቂው ወደዚያ ሲሮጥ ሌሎቹ በታች ይገባሉ። ሴትና ልጅ ሲያይ ደግሞ አይፈራም። በአንድ ጠዋት የሚያጠፋው ቤተሰቡ በወር የሚበላውን ነው።

እጮኛዬ የልጁን ወንጭፍ ተቀበለና ድንጋይ አስገብቶ አዞረው፤ ድንጋዩ ከሩቁ ግራር ላይ ጧ! አለ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም እንደዚያው።

«የት ተማርክ?» አልኩት።

መኪናው ውስጥ ገብተን ከተጓዝን በኋላ ነው የመለሰልኝ። አዲስ አበባ ሳለ «የነቀምቴ ልጅ ነኝ» ይላል እንጂ ከከተማው ወጣ ያለ የገጠር ቀበሌ ውስጥ እንዳደገ ነገሮኝ አያውቅም ነበር። አንደኛ ክፍል የገባው በአስር ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው ማማ ላይ መዋል ነበር። ግራ እጁ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ለእኔ «ከብስክሌት ወድቄ ነው» ያለኝ፣ ከማማ ወድቆ የመጣ ነው። «እኔ እነዚህን አውሬዎች የማውቃቸው ወድጃቸው አይደለም» አለኝ። «ላባርራቸው ነው። የት እንደሚያድሩ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ካላወቅሁ እንራባለን።» ስድስት ኪሎ ሲገባ «ገጠሬ» እንዳይሉት ፈርቶ ዝም አለ። ከዚያም ዝምታው ለመደው።

ምን ልበላችሁ! አራት ዓመት ያላወቅሁትን በአንድ ከሰዓት አወቅሁ። ተቆጣሁ ወይ? ትንሽ። ስለ ጠባሳው ዋሽቶኛል። ደግሞም ዝንጀሮ ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ገባኝ። ሲሬ እስክንደርስ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም፤ ኩርፊያ ግን አልነበረም።

ነቀምቴ የገባነው ሲመሽ ነው። እናቱ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባልቴት ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ እሱ የበኩር ልጃቸው ነው። በር ላይ ተቀብለው «አካም ጅርቱ?» ብለው አቀፉኝ። ጩምቦውን በቅቤ አጥለቅልቀው አቀረቡ፤ ከዚያ አንጮቴ፣ ከዚያ ደግሞ ቡና ቀላ፣ ቡናው ፍሬው ራሱ በቅቤ ተጠብሶ የሚበላ። ስለ ውርርዱ ሲሰሙ እስኪያነቡ ሳቁ። «እኔን ልታይ ነው የመጣችው ወይስ ጉሬዛ?» አሉት። ሌሊቱን ጅብ ቤቱን ሲዞር አደረ። «ይኸው አምስተኛ!» አለኝ ጠዋት። ድምፅ አይቆጠርም! ደጃፍ ላይ የጃርት እሾህ አንስቶ አመጣ። እሾህም አይቆጠርም!

እሑድ ኮምቶ ሄድን። ኮምቶ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ ያለ ጥብቅ ደን ነው። ገና ሳይነጋ ወጥተን ዛፍ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የእንስሳ አልመሰለኝም። ሞተር ብስክሌት የሚነሳ ነው የመሰለኝ፤ ግርርርር... እያለ ከአንዱ ኮረብታ ሲነሳ ከሌላው ይመልሱለታል። ወንዶቹ ጉሬዛዎች ጠዋት ጠዋት «ይህ ሰፈር የእኔ ነው» የሚባባሉት እንዲህ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣ ከላይ ታዩኝ። ሰባት ነበሩ፤ ጥቁር ለብሰው ነጭ ካባ የደረቡ፣ ጭራቸው ጫፍ ላይ ነጭ ጎፈር ያለ፣ ልክ ማኅበር ላይ እንደተቀመጡ መነኮሳት ዝም ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዷ እናት ደረቷ ላይ ድፍን ነጭ ግልገል ታቅፋለች። ጉሬዛ ሲወለድ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ ያ ነጭ ካባ አየር ላይ ይዘረጋል። እጃቸው አውራ ጣት የለውም፤ አራት ጣት ብቻ። በሳይንስ ስሙም ዓለም ሁሉ የሚጠራው በእኛው ቃል ነው። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1835 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው «ጉሬዛ» ብሎ ነው የጻፈው።

ቅጠል በሊታ ስለሆነ በቆሎ ላይ እንደ ዝንጀሮ አይመጣም። «አባቴ በሕይወቱ ድንጋይ አትወርውሩበት ያለን አውሬ እሱ ብቻ ነው» አለኝ። አያቶቻችን ግን ለቆዳው ብለው ብዙ ገድለውታል። የጉሬዛ ምንጣፍ በልጅነቴ የሀብታም ቤት ጌጥ ሆኖ አይቻለሁ።

እዚያ ዛፍ ሥር ነው ስለ ኑሯችን ሳንጮህ ያወራነው። በስልክ የማይወራ ነገር አለ። እናቱን ብቻቸውን ትቶ አዲስ አበባ መኖር እንደከበደው፣ ግን ይህን ቢነግረኝ «የእናቱ ልጅ» እለዋለሁ ብሎ እንደፈራ ነገረኝ። እኔ ደግሞ የፈራሁት ጅቡን እንዳልሆነ ነገርኩት። የእኔ ፍርሃት ሥራ የሌላት፣ ቋንቋ የማታውቅ፣ ደሞዝ የምትጠብቅ ሚስት መሆን ነው። ስንመለስ ሚዳቋ መንገዳችንን አቋርጣ ጠፋች። ስድስት።

ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው፤ አራት ይቀረዋል። በጊምቢ መንገድ ወደ ዴዴሳ ወረድን። ገና ከከተማው ሳንርቅ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ቆማ አየችን፤ ሰባት። ከዚያ ቁልቁል፣ ቁልቁል... ሹራብ አወለቅን፣ መስኮት ከፈትን። ዴዴሳ ሸለቆ ሌላ ሀገር ነው፤ ረጅም ሣር፣ ወፍራም ሙቀት። ለረጅም ዘመን ሰው ብዙ ያልሰፈረበት በቆላ ዝንብ ምክንያት ነው፤ ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለው በሽታ ከብት ይጨርሳል። ከብት ስለማይኖርበት አውሬው ኖረበት። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ሰፈራው ሲመጣ፣ እርሻውም ሲሰፋ አውሬው እየሸሸ ሄዷል። ከሣሩ ውስጥ አራት ከርከሮዎች ጭራቸውን እንደ አንቴና አቁመው በሩጫ አለፉ። ስምንት! እጮኛዬ መሪውን እየደበደበ ዘፈነ።

ድልድዩ ጋ ካሜራ አታውጡ፤ ጥበቃ አለ፣ ትከሰሳላችሁ። ከድልድዩ ራቅ ብለን፣ አንድ የአካባቢው ገበሬ እየመሩን ወደ ወንዙ ወረድን። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁን፦ በጉማሬና በውሃው መካከል አትቁሙ። ሌሊት ሣር ሊግጥ ወጥቶ ጠዋት ሲመለስ መንገዱን የዘጋበትን አይምርም። አንድ ሰዓት ቁጭ አልን። ውሃው ላይ ድንጋይ የመሰለኝ ነገር ጆሮውን ሲያወዛውዝ ልቤ ሊቆም ደረሰ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ... አምስት ጉማሬዎች፣ ዓይንና ጆሮ ብቻ። ፉፉፉ እያሉ ይተነፍሳሉ፣ ይሰምጣሉ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ሌላ ቦታ ብቅ ይላሉ።

ዘጠኝ። አንድ ይቀራል።

እስከ 11 ሰዓት ዞርን። ምንም የለም። አንዲት ጥንቸል እንኳ! መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ተደገፈና «ተሸነፍኩ» አለኝ። «ማመልከቻዬን እጽፋለሁ።» እየቀለደ አልነበረም። ዓይኑን አየሁት፤ ሊጽፍ ነው።

እኔ ግን ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ ፍርዱን ሰጠሁ። እዚያው መኪና ውስጥ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። አንደኛ፦ እዚህ ሥራ ሳላገኝ አልመጣም። ሁለተኛ፦ እናቱን እንጦራለን፣ ግን ከተማ ውስጥ የራሳችንን ቤት እንከራያለን። ሦስተኛ፦ ኦሮምኛ ያስተምረኛል፣ ስሳሳት አይስቅም። አራተኛ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተመቸኝ ያለ ጭቅጭቅ እንመለሳለን። አምስተኛ፦ ስለ ጠባሳም ቢሆን ውሸት የለም። አነበበው፣ እስክሪብቶ ተቀበለኝና ፈረመ። ያን ወረቀት ዛሬም አለኝ። እህቶቼ፣ «ለፍቅር ብዬ ሁሉን ትቼ ሄድኩ» የምትል ሴት ስትሰሙ አትቅኑ። ሁሉን ትታ የሄደች ሴት ኋላ ሁሉን መቁጠር ትጀምራለች። ጽፋችሁ ሂዱ።

በ2003 ዓ.ም. ተጋባን። ነቀምቴ ሥራ አገኘሁ። ሁለት ዓመት ያልኩት አስር ዓመት ሆነ። ሦስተኛው አንቀጽ ግን ብዙ ጊዜ ተጥሷል፤ በኦሮምኛዬ ገበያው ሁሉ ይስቅ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ግን ሽርሽር አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ወለጋ ውስጥ ታጣቂና የመንግሥት ጦር የሚዋጉበት፣ ብዙ ሰላማዊ ሰው የተገደለበትና የተፈናቀለበት ጊዜ መጣ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ስልክና ኢንተርኔት ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። እናቴ ጉለሌ ሆና የእኛን ድምፅ ሳትሰማ ያን ሁሉ ጊዜ ቆየች። በ2013 ሁለት ልጆቻችንን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። አማቴ «ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም» ብለው ቀሩ። አሁን ስንደውል ስለ ጦርነት አያወሩም። «ማማ ላይ የሚወጣ ልጅ ጠፋ» ይላሉ፤ «በቆሎውን ዝንጀሮ ወረሰው።»

ስለዚህ «ያንን መንገድ ሂዱ» አልላችሁም። የምታስቡ ካላችሁ በዚያ ሳምንት ከነቀምቴ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። የከተማ ወሬ አይበቃም። ለአሁኑ ግን ከአዲስ አበባ ብዙም ሳትርቁ መናገሻ ሱባ አለላችሁ። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለት የጥድ ደን ነው። ጉሬዛም የምኒልክ ድኩላም አለው። እዚያም ስለ መንገዱ ጠይቃችሁ ሂዱ። በሩ እንደተከፈተ ግቡ፤ ከረፈደ ከወፍ በቀር የምታዩት የለም። ነጭና ቀይ ልብስ አትልበሱ። ሙዚቃውን መኪና ውስጥ ተዉት። ለጦጣና ለዝንጀሮ ሙዝ አትስጡ፤ ሙዝ የለመደ ዝንጀሮ ነገ ባዶ እጁን የመጣውን ልጅ ነው የሚነጥቀው። ሃያ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። አብሯችሁ ያለው ሰው ሃያ ደቂቃ ዝም ማለት ካቃተው፣ እንግዲህ ያንንም አያችሁ ማለት ነው።